ወፍራም ደመወዝ በወጣትነት፤ ከዋጃ እስከ ቦሌ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴና በወልዲያ በኩል ወደ መቀሌ የሚያቀና መንገደኛ፣ ቆቦን አልፎ አላማጣ ከመድረሱ በፊት ዋጃን ያገኛታል። ግራ ቀኙ የራያ ቆላ ሜዳ ነው፤ ወቅቱ ከሆነም የማሽላው አገዳ ከሰው ቁመት በልጦ ይታያል። በከተማዋም ሆነ በዙሪያዋ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት አይቶ የማን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ልጃቸው ሳዑዲ ነው» ይባላል።

ይህ ጸሐፊ ለዘመድ ለቅሶ ወደዚያው በወረደበት ጊዜ ድንኳን ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ አንድ ወጣት መምህር እንዲህ ሲል ጠየቀው። «ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ የተማሩ ሰው ነዎት። አብሮ አደጌ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ሄደ። እሱ በወር የሚልከውን እኔ በዲግሪዬ በመንፈቅ አላገኘውም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ እሱ?»

የሰጠሁት መልስ «ትምህርት አይጣልም» የሚል ነበር። ልጁ በአክብሮት አንገቱን ነቀነቀ እንጂ እንዳላሳመንኩት ፊቱ ይናገር ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም አላሳመነኝም። ጥያቄው ደግሞ የዋጃ ብቻ አይደለም። ቦሌ በሚገኝ ሕንፃ አሥረኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ፣ አባቷ በሠላሳ ዓመት አገልግሎት ያልደረሰበትን ደመወዝ በ26 ዓመቷ የምታገኝ ወጣትም በሌላ መልኩ የምትጠይቀው ነው። ገና በወጣትነት የሚገኝ ወፍራም ደመወዝ ዕድገት ነው ወይስ አይደለም?

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እዚህ ላይ ለድህነት ጥብቅና የምቆም ሰው አይደለሁም። ወጣት ሆኖ ጥሩ ገንዘብ ማግኘት መልካም ነገር ነው። ወላጅ ይጦርበታል፣ ታናሽ ይማርበታል፣ ጎጆ ይወጣበታል። የምለው ሌላ ነው። ደመወዝ የዛሬ ሥራ ዋጋ ነው፤ የነገ ደረጃ ማረጋገጫ ግን አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ብዙ ወጣቶችን ዋጋ አስከፍሏል። ልዩነታቸውን ለማየት ሕጉንና ስሌቱን አብረን እንመልከት።

ሕጉ «ደመወዝ» የሚለው የቱን ነው?

በግሉ ዘርፍ ያለውን የሥራ ግንኙነት የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ደመወዝ ማለት ሠራተኛው በሥራ ውሉ መሠረት ለሠራው መደበኛ ሥራ የሚከፈለው ነው ይላል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ የበረሃ አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስና ኮሚሽን በሕጉ ዓይን ደመወዝ አይደሉም።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። አይደለም። ሁለት ጓደኛሞች በሁለት ድርጅቶች እያንዳንዳቸው በወር 40,000 ብር ይከፈላቸዋል እንበል። የአንደኛዋ ውል 40,000 ብሩን በሙሉ ደመወዝ ይለዋል። የሁለተኛው ውል ግን 10,000 ብሩን ደመወዝ፣ ቀሪውን 30,000 ብር ልዩ ልዩ አበል ብሎ ይከፍለዋል። ደመወዝ በሚወጣበት ቀን ልዩነቱ እምብዛም አይታያቸውም። ስድስት ዓመት ሠርተው ሥራቸውን በፈቃዳቸው ሲለቁ ግን ይታያል።

በአዋጁ መሠረት ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ሲለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ እየታከለበት ይሄዳል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሊበልጥ አይችልም። በዚህ መሠረት የመጀመሪያዋ ወደ 106,600 ብር ገደማ ስታገኝ ሁለተኛው 26,600 ብር ገደማ ይዞ ይወጣል። የጡረታ መዋጮውም እንዲሁ የሚታሰበው በደመወዙ ላይ እንጂ በአበሉ ላይ አይደለም። ግብር ሰብሳቢው ግን እንዲህ አይለይም፤ በሕግ ነፃ ከተደረገው በቀር አበሉም ግብር ይከፈልበታል። ለግብር ሲሆን ገቢ ነው፣ ለመብት ሲሆን ደመወዝ አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ አዲስ ሥራ የቀረበላት ወጣት «ስንት ነው?» ብላ ከጠየቀች በኋላ «ከዚህ ውስጥ መነሻ ደመወዙ ስንት ነው?» ብላ መድገም አለባት። የውል ድርድር የሚያምረው ከመፈረም በፊት ነው።

እጅ የሚገባው ስንት ነው?

ሌላው የተለመደ ስህተት ያልተጣራን ደመወዝ ካልተጣራ ደመወዝ ጋር ማወዳደር ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተግባራዊ መሆን በጀመረው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ደግሞ በወር እስከ 2,000 ብር ያለውን ነፃ አድርጎ ከ15 በመቶ ይጀምርና ከ14,000 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ 35 በመቶ ይጥላል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል።

እንግዲህ 11,500 ብር የሚከፈለው ጀማሪ 2,100 ብር ግብርና 805 ብር ጡረታ ተቀንሶ 8,595 ብር እጁ ይገባል። 40,000 ብር መደበኛ ደመወዝ ያለው ደግሞ 11,950 ብር ግብርና 2,800 ብር ጡረታ ተቀንሶ 25,250 ብር ይወስዳል። በወረቀት ላይ የ28,500 ብር ልዩነት የነበረው በእጅ ሲገባ 16,655 ብር ሆነ። አሁንም ትልቅ ልዩነት ነው፤ ግን ሰው በምኞቱ የሚያሰላውን ያህል አይደለም።

ከ14,000 ብር በላይ በሆነ ደመወዝ ላይ ከምትጨመር ከእያንዳንዷ ብር 42 ሳንቲሟ ለግብርና ለጡረታ ትሄዳለች። የ5,000 ብር ጭማሪ አገኘሁ ብሎ የለመደውን ሥራ ትቶ የሚሄድ ሰው በተጨባጭ የሚያገኘው 2,900 ብር ነው። ለዚህ ሲል ሰፈር የሚቀይር ከሆነ የቤት ኪራዩ ብቻ ይበላዋል።

በዚህ ላይ የብሩ አቅም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። የዚያን ጊዜው 40,000 ብር ከ700 ዶላር ገደማ ወደ 400 ዶላር ወረደ ማለት ነው። የደመወዝተኛው ሥራም ትጋትም አልቀነሰም። የቀነሰው ሌላ ነው።

ሹመት ሲመጣ የሚቀረው ጥበቃ

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነጥብ አለ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። የሥራ መሪ የሚባለው የድርጅቱን የሥራ አመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ወሳኙ የወንበሩ ስም ሳይሆን በእጁ ያለው ሥልጣን ነው።

በ28 ዓመቱ ይህን ሁሉ ሥልጣን ይዞ ሥራ አስኪያጅ የሆነ ወጣት ደመወዙ ይጨምራል፣ መኪና ይሰጠዋል፣ ወላጆቹ ይኮራሉ። በዚያው ቀን ግን የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ጃንጥላ ከራሱ ላይ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ መብቱ የሚመነጨው ከፈረመው ውልና በ1952 ዓ.ም. ከወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በውሉ ውስጥ ስለ ስንብት ክፍያ፣ ስለ ማስጠንቀቂያ ጊዜና ስለ ካሳ ያልተጻፈ ነገር በኋላ ከየት ይመጣል? የሹመቱን ደብዳቤ ሲቀበል የውሉንም ቃል አብሮ ያላስተካከለ ወጣት ወደ ላይ ወጣሁ ሲል መወጣጫው ከእግሩ ሥር እንደተነሳ የሚያውቀው የሚወርድ ዕለት ነው።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ

በአገራችን ወጣት ባለሙያ ቶሎ ወፍራም ደመወዝ ከሚያገኝባቸው በሮች አንዱ በውጭ ዕርዳታ የሚንቀሳቀሱ ፕሮጀክቶች ናቸው። የጤና መኮንኑ፣ ነርሱ፣ የመረጃ ባለሙያው፣ የሒሳብ ሠራተኛው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሚያገኘው ብዙ እጥፍ ይከፈለዋል። ሥራውም ቁም ነገር ነው፤ ሰው ያድናል።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ባገደ ጊዜ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። የጤና ሚኒስቴር በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ባለሙያዎችን ውል ለማቋረጥ ተገደደ። ዩኤስኤይድም በዚያው ዓመት ሰኔ ወር መጨረሻ ላይ ራሱን ችሎ መሥራቱን አቆመ። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ የተቀጠሩት ለተወሰነ ጊዜ በሚቆይ ውል ነበር። እንዲህ ያለ ውል ጊዜው ሲያልቅ በሕግ በራሱ ይቋረጣል፤ የሚከሰስ አሠሪም አይኖርም።

ጥፋታቸው ምን ነበር? ምንም። ሥራቸውን አክብረው ሠርተዋል። ነገር ግን ከመካከላቸው ደመወዙን እንደ ዘላቂ ገቢ ቆጥሮ የባንክ ዕዳ የገባ ሁሉ ሲቸገር፣ በእነዚያ ዓመታት ሁለተኛ ዲግሪውን የጨረሰው፣ የሙያ ፈቃዱን ያላቋረጠው፣ የስድስት ወር ወጪውን በቁጠባ የያዘው ተንገዳግዶ ቆመ። አንድ ዓይነት ደመወዝ ነበር፤ ውጤቱ ግን ሁለት ሆነ።

የባሕር ማዶው ደመወዝ

ወደ ዋጃው መምህር አብሮ አደግ ልመለስ። ከራያ ተነስቶ በአፋር ሜዳ፣ በሎጊያ፣ ከዚያም በጅቡቲ ኦቦክ አድርጎ ባሕር ተሻግሮ በየመን ወደ ሳዑዲ የሚያደርሰው መንገድ ለአካባቢው ወጣት አዲስ አይደለም። የሚከፈለው ደመወዝ ለምን ከፍ እንዳለ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የሚከፈለው ለሙያው አይደለም። ከብት ለመጠበቅ፣ ለጥበቃ ሥራ፣ ለቤት ሠራተኝነት የሚከፈለው ያ ገንዘብ በውስጡ የበረሃው፣ የባሕሩና የድንበሩ ዋጋ አለበት። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በየመን በኩል ለመግባት የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን አስታውቋል። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ተረት ብቻ አይደለም።

ያለ ሰነድ የሚሠራ ሰው ደመወዙ በአንድ ሌሊት ሊቆም ይችላል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሕገ ወጥ ያለቻቸውን ባስወጣችበት ጊዜ በወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ብዙዎቹ በፌስታል የያዙትን ልብስ ይዘው ነበር የወረዱት። አሥር ዓመት የሠራም ቢሆን በእጁ የሥራ ልምድ ማስረጃ የለውም፣ የጡረታ መዋጮ የለውም፣ የሚጠይቀው የስንብት ክፍያ የለውም።

ሕጋዊው መንገድ ችግር የለውም ባይባልም ልዩነቱ ሰፊ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው እንዳይመለመል ከልክሎ፣ የሥራ ውሉ በመንግሥት አካል እንዲጸድቅ አድርጓል። በውል የሄደ ሰው ቢያንስ አሠሪው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚከፈለው፣ ማንን እንደሚከስ ያውቃል።

በሌላ በኩል ይህን ገንዘብ ሁሉም አባከነው ማለት ሐሰት ነው። ራያ ከሜዳው ሥር የከርሰ ምድር ውኃ ያለው አገር ነው። ከሳዑዲ በላከው ገንዘብ የውኃ ፓምፕ አስገዝቶ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ተመላሽ አለ። ሦስት ክፍል ቤት ሠርቶ፣ ሠርግ ደግሶ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ዳግም በሎጊያ የሄደም አለ። ስፖርተኞቻችን ይህን ያውቁታል፤ የሯጭ ደመወዝ ዕድሜው አጭር ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1993 ሽቱትጋርት ላይ በ20 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የወጣትነት ሀብት በሩን አንኳኳ። እግሩ እየሮጠ ሳለ ሕንፃውንና ሆቴሉን ባይጀምር ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ሜዳሊያዎቹ ብቻ በሆነ ነበር።

መሰላል ማለት ምንድን ነው?

የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመሩ ሰዎችን ታሪክ እንይ። አቶ ግርማ ዋቄ እ.ኤ.አ. በ1965 አየር መንገዱን ተቀላቅለው፣ መሐል ላይ ወጥተው ሌላ ቦታ ሠርተው፣ በ2004 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። አቶ ተወልደ ገብረማርያም በ1985 ገብተው በ2011 ወንበሩን ያዙ። አቶ መስፍን ጣሰው በ1984 ገብተው በ2022 ተተኩ፤ 38 ዓመት መሆኑ ነው። አንዳቸውም በ25 ዓመታቸው እዚያ አልደረሱም። ያደረሳቸው ደረጃ በደረጃ የሚያሠለጥን፣ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያዘዋውር፣ ውጭ ልኮ የሚያሠራ ተቋም መኖሩ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ እንቁላሉ ግን የሚታቀፈው ዶሮ ያስፈልገዋል።

የመምህሩም መሰላል በወረቀት ላይ አለ። ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ ይወጣል። ችግሩ እያንዳንዷ እርከን የምትጨምረው ገንዘብ የጤፍን ዋጋ ካልቀደመች ወጣቱ ወጣሁ እያለ ባለበት መቆሙ ነው። በዚያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ቆቦንና አካባቢውን ደጋግሞ የረገጠ በመሆኑ መሰላሉ ራሱ የተሰበረባቸው ዓመታት ነበሩ። አዲስ አበባ ተቀምጦ «ታገሥ» ማለት ቀላል የሚሆነው ለዚህ ነው። መንግሥት መምህሩ እንዲቆይ ከፈለገ እርከኑን ከኑሮ ጋር የሚያራምድ ማድረግ ይኖርበታል፤ ምክር ብቻውን ሰው አያስቀርም።

ለመምህሩ የምመልሰው

ዛሬ ያ ወጣት ቢጠይቀኝ «ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፤ ያወዳደርከው ግን ወርን ከወር ጋር ነው» እለዋለሁ። የራያ ገበሬ ከአንተ ይሻላል። የሚያዝያ ዝናብ በጊዜው ከጣለለት ብዙ ወር የሚፈጀውን ማሽላ ይዘራል፤ እህሉም አገዳውም ይተርፈዋል። ዝናቡ ከዘገየበት ደግሞ ቶሎ የሚደርሰውን ዘር ወይም ጤፍ ይዘራል። ቶሎ የሚደርሰውን ስለዘራ ማንም አይሰድበውም። ግን የትኛውን እንደዘራ ያውቃል፤ ከቶሎ ደራሹም የረጅሙን ምርት አይጠብቅም።

አብሮ አደግህ የያዘው ቶሎ የሚደርሰውን ነው። እሱን የሚያዋጣው በገዛ ስሙ በተከፈተ ሒሳብ መቆጠብ፣ በሕጋዊ ውል መሥራት፣ ሲመለስ የሚሠራበትን ነገር ከአሁኑ ማሰብ ነው። አንተ የያዝከው የሚዘገየውን ነው። አንተን የሚያዋጣህ እርከንህን በጊዜው መጠየቅ፣ የምዘና ውጤትህንና የሥራ ልምድ ማስረጃህን በፋይል መያዝ፣ ትምህርትህን ማሳደግ፣ ክረምቱንም በከንቱ አለማሳለፍ ነው። እንደዚያም ሆኖ የተሻለ ሥራ ከመጣ ሂድ። መሰላል የሚሠራው እንዲወጡበት ነው እንጂ እንዲታሰሩበት አይደለም።

ለቦሌዋ ወጣትም ጥቂት ልጨምር። የሥራ ውልሽን ቅጂ ቤትሽ አስቀምጪ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ለሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሚሰጥ የሕግ መብት ነው፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ይገልጻል። ለመልቀቅ ስታስቢ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጪ። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፤ «ይሉኝታ ያዘኝ» የሚል መከራከሪያ ፍርድ ቤት አይቀበልም።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለታችሁም በየዓመቱ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ይህን ጠይቁ። ይህ ደመወዝ ነገ ጠዋት ቢቆም በእጄ ምን ይቀራል? ሙያ፣ ማስረጃ፣ ቁጠባ፣ ጡረታ፣ ስሜን በደግ የሚያነሳ የሥራ ባልደረባ ከቀረ ደመወዙ አሳድጓችኋል። ልብስና የቤት ዕቃ ብቻ ከቀረ ግን ደመወዙ ወፍሯል እንጂ እናንተ አላደጋችሁም።

ቸር እንሰንብት።